ማድፔሴቱ ወረቀት ሲተፋ ጥፋቱ የማን ነው?

በአሽዶድ ወደብ ዙሪያ ባሉት ማሕሳኖች የሚሠሩ ልጆች አሉን። ከእነሱ አንዱ፣ የማውቀው ልጅ፣ አንድ ማታ ፊቱን አጥቁሮ ቤቱ ገባ። ስክሪኑ ደርቆ ቀርቶ ማድፔሴቱ ፊደል የሞላበት ወረቀት ሲተፋ ሜናሄሉ «ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ ከደመወዝህ ይቆረጣል» ብሎታል።

ልጁ ምንም አላበላሸም። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሠራተኛው ፊት የሚቀመጠው ስክሪንና የፊደል ገበታ ብቻ ነበር፤ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ክፍል ያለ ትልቅ ኮምፒዩተር ነው። ዲጂታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1978 ያወጣው ቪቲ 100 ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው። ዛሬ ዕቃው የለም፤ በተራ ኮምፒዩተር ላይ እሱን መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ግን አለ። ከእነዚህ አንዱ ፑቲ ነው፤ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ዋጋም የለውም። አውርድልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትክፈሉ።

ትልቁ ኮምፒዩተር ፊደሎቹን ተራ በተራ ወደ ስክሪኑ ይልካል። ማተም ሲፈልግ የማይታይ ምልክት ይልካል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ወደ ማድፔሴቱ ይሄዳል፣ የመዝጊያው ምልክት እስኪደርስ። አገር ቤት መስኖ ያጠጣችሁ ታውቁታላችሁ፦ ውሃውን ወደ ጎረቤት ማሳ መልሳችሁ ቦዩን ካልዘጋችሁ የራሳችሁ ማሳ ይደርቃል። የመዝጊያው ምልክት ካልመጣ ስክሪኑ ዝም ይላል፣ ወረቀቱ ይፈሳል። መስኮቱን ዘግቶ እንደገና መክፈት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ አዲስ ኮምፒዩተር ተተክሎ ምንም አይታተምም። ፑቲን የሠሩት ሰዎች ይህን ማተሚያ ዝግ አድርገው ነው የሚሰጡት፣ ሩቅ ያለ ማሽን ሳትፈቅዱለት ወረቀታችሁን እንዳይጨርስ (ጥሩ አድርገዋል እላለሁ)። በቅንብሩ ውስጥ የማድፔሴቱን ስም መምረጥ ያስፈልጋል። ደግሞ ፊደሉ እንዳለ ስለሚላክ አንዳንድ ርካሽ የቤት ማድፔሴቶች አይረዱትም። በዕብራይስጥ ፋንታ ትናንሽ የላቲን ፊደላት ከወጡም አትደንግጡ፤ በአሮጌው አሠራር የዕብራይስጥ ፊደላት የተቀመጡት በእነዚያ ቦታ ነው፣ ማድፔሴቱ ያንን አልተነገረውም ማለት ነው። ስማችሁ ተገልብጦ የወጣበት የዕቃ መረከቢያ ከተሰጣችሁ ግን እንደገና ይታተም በሉ።

ወደ ደመወዙ እንመለስ። በ1958 የወጣው የደመወዝ ጥበቃ ሕግ አሠሪው እንደፈለገ እንዲቆርጥ አይፈቅድለትም። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ አሠሪው «ዕዳ አለብህ» ብሎ የሚቆርጠው በጽሑፍ ሲስማማለት ነው፤ ያም ቢሆን ከደመወዙ ሩብ አይበልጥም። ስለዚህ ልጃችሁ በዚያ በንዴት ሰዓት የሚቀርብለትን ወረቀት ሳያነብ አይፈርም። የወሩ ትሉሽ ሲመጣም አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ የተቀነሰውን ረድፍ በረድፍ እዩት።