ያውቁ ኖሯል? ከኬሚስቱ መደብር የወጡ ነገሮች

ለንደን ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው «ኬሚስት ጋ ደርሼ ልምጣ» ካለ የሚሄደው እኛ ፋርማሲ ወይም መድኃኒት ቤት ወደምንለው ቦታ ነው። ናይሮቢ የኖረ ኢትዮጵያዊም ይህን ቃል በየመድኃኒት ቤቱ ታፔላ ላይ ያውቀዋል። እንግሊዞች በቤተ ሙከራ የሚመራመረውንም፣ መድኃኒት የሚሸጠውንም ኬሚስት ይላሉ። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መድኃኒት ቀማሚው ከሱቁ ጀርባ ይወቅጣል፣ ያጠልላል፣ ይመዝናል፣ ያፈላል፤ አንዳንዴም ያልታሰበ ነገር ያገኛል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክብሪት ከመድኃኒት ቤት እንደወጣ ያውቁ ኖሯል? ጆን ዎከር በሰሜን እንግሊዝ ስቶክተን ከተማ መድኃኒት ሻጭ ነበር። በመጀመሪያ የቀዶ ሕክምና ሙያ ቢጀምርም ሰው ሲቀደድ ማየት ስላልቻለ ተወው። የአንቲሞኒ ሰልፋይድንና የፖታሲየም ክሎሬትን ድብልቅ በእንጨት ጫፍ ላይ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍገው ቦግ አለ። በደብተሩ የመጀመሪያው ሽያጭ የተመዘገበው ሚያዝያ 7 ቀን 1827 ነው። የፈጠራ መብቱን አላስመዘገበም፤ ሌሎች ገልብጠው ከበሩበት። ለዓለም ሁሉ እሳትን ያቀለለ ሰው ስሙ ይህን ያህል መረሳቱ ያሳዝናል።

ካስተርድ የሚባለው ወፍራም የወተት ጣፋጭስ? የበርሚንግሃሙ ኬሚስት አልፍሬድ በርድ ሚስቱ እንቁላል አይስማማትም ነበር። በ1837 በእንቁላል ፋንታ በበቆሎ ስታርች የሚረጋ ካስተርድ ሠራላት። እርሾም ስለማይስማማት በ1843 ዳቦው ያለ እርሾ እንዲነፋ የሚያደርግ ቤኪንግ ፓውደር አዘጋጀ።

በዚያው በ1837 በዉስተር ከተማ ሊ እና ፔሪንስ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች እስከ ዛሬ በስማቸው የሚሸጠውን ሶስ ለገበያ አቀረቡ። ለጿሚ አንባቢ ማስታወስ የሚገባው፣ በውስጡ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለበት።

አምፖልን ከኤዲሰን ጋር ብቻ የሚያያይዙ ብዙ ናቸው። ጆሴፍ ስዋን ግን ሙያውን የተማረው በመድኃኒት ቤት ነው፤ በኋላም በኒውካስል የኬሚስት ድርጅት ሸሪክ ሆነ። በ1879 መጀመሪያ ላይ በዚያች ከተማ የካርቦን ክር ያለውን አምፖሉን ለሕዝብ አሳየ። ኤዲሰንና ስዋን በ1883 በእንግሊዝ አብረው ኩባንያ መሠረቱ።

የኬሚስቱ ሱቅ ግን ሌላ ገጽም ነበረው። በ1858 ስኳር ውድ ስለነበር የከረሜላ ሠሪዎች ስኳሩን በርካሽ የጀሶ ዱቄት ያበዙት ነበር። በብራድፎርድ አንድ ከረሜላ ሠሪ ዱቄቱን እንዲያመጣለት መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ሰው ላከ። መድኃኒት ሻጩ ታሞ ተኝቷል፤ ረዳቱ የታዘዘውን በርሜል ስቶ ከሌላው ዝቆ ሰጠ። ያም አርሴኒክ ነበር፤ ከአምስት ኪሎ በላይ። ከረሜላው መልኩ ለየት በማለቱ በገበያ የሚቸረችረው ሰው ዋጋ አስቀንሶ ገዛው፤ ቀምሶም ራሱ ታመመ። ወደ 20 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ታመሙ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ሰዎች ቢከሰሱም የተፈረደበት የለም። ሁለቱም ነጭ ዱቄት፣ ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በሚገባ ያልተለጠፈ ምልክት፤ ጥፋቱ የአንድ ረዳት ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።

ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው የ1868ቱ የፋርማሲ አዋጅ ኬሚስት ተብሎ መርዝ መሸጥን ለተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ፈቀደ። አርሴኒክን የመሰለ ብርቱ መርዝ የሚገዛ ሰው ሻጩ የማያውቀው ከሆነ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ሊያስተዋውቀው ይገባ ነበር። ስሙ፣ አድራሻው፣ የገዛው መጠንና ለምን እንደፈለገው ይጻፍ ነበር፤ ገዢውም ይፈርም ነበር።

ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ስለ መርዝ የተማረችው ከመጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነስ ያውቁ ኖሯል? በአንደኛው የዓለም ጦርነት በቶርኪ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች፤ በ1917 የመድኃኒት ቀማሚነት ፈተና አለፈች። በመጀመሪያ ልብ ወለዷ የመረጠችው መርዝ ስትሪክኒን ነው፤ ያኔ በትንሹ እንደ ማነቃቂያ መድኃኒት ይታዘዝ ነበር። የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት ለትክክለኛነቱ አመሰገናት።

የቀድሞዋ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርም ኬሚስት ነበሩ፤ እሳቸው ግን የቤተ ሙከራው ዓይነት ናቸው። በኦክስፎርድ ያስተማሯቸው ዶሮቲ ሆጅኪን በ1964 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ ደግሞ፦ ከጥር 2024 መጨረሻ ጀምሮ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ሰባት ሕመሞችን ያለ ሐኪም ቀጠሮ አይቶ፣ ካስፈለገም በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጠውን መድኃኒት መስጠት ይችላል። የጉሮሮ ሕመም፣ የልጆች የጆሮ ሕመም፣ ሳይነስ፣ አልማዝ ባለጭራ፣ የሴቶች ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። የዕድሜ ገደብ ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የማዘዣ ክፍያ በእንግሊዝ ቢኖርም በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ነፃ ነው።