ከናሙናው በፊት ያለው ሥራ

በሰው ዘረመል ዶክትሬት የሚሠራ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ኮምፒውተር ፊት ነው። ዲኤንኤው ወጥቶ ከተነበበ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልዩነቶችን በታማሚዎችና በጤነኞች መካከል እያነጻጸረ ያጣራል። የማንበቢያ ቺፖቹ ለረጅም ጊዜ በዋናነት ከአውሮፓውያን ዲኤንኤ በተገኙ ልዩነቶች ላይ ተመሥርተው ስለተሠሩ፣ በኢትዮጵያውያን ናሙና ላይ ሲውሉ የሚያመልጣቸው ነገር አለ፤ ይህንንም ማወቅ ይኖርበታል። ከባድ ቢሆንም በኮርስና በትዕግሥት ይለመዳል። አንዲት የታመመች እናት «ይህ ነገር ለልጆቼ ይተላለፋል?» ብላ ስትጠይቀው የሚመልሰውን ግን ማን ያስተምረዋል?

ፖዶኮኒዮሲስ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያመጣል። ፊላሪያ በተባለ ትል ከሚመጣው ዝሆኔ በተለየ ትል የለበትም፤ ትንኝም አያስተላልፈውም። በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄዱ ሰዎችን እግር የሚያሳብጥ በሽታ ነው። ነገር ግን በአንድ አፈር ላይ ከሚያርሱት መካከል አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይታመም ይቀራል፤ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰው ይታመማል። ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በወላይታ 59 ቤተሰቦችን ተከታትለው፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይተዋል።

እንዲህ ያለ ጥናት የሚጀምረው ከቤተሰብ ሐረግ ነው። ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ ትሣላለች፤ የታመመው ውስጡ ይጠቁራል። አያት ይጠየቃሉ፣ አጎት ይቆጠራል፣ በመሃል ጎረቤት ሲገባ ወሬው ይቀየራል። ጋብቻ ሲታሰብ ወገን በሚጣራበት አካባቢ፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ ባለችበት ቤት አንድ ክብ በእርሳስ ማጥቆር ቀላል ነገር አይደለም። ለተማሪው ምልክት ነው፤ ለቤተሰቡ ግን የልጅቷ ዕጣ ነው።

በዚሁ በሽታ ላይ የዘረመል ጥናት ያካሄዱት ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ይህን አስቀድመው ያዩ ይመስላል። ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ታማሚዎችንና የአካባቢውን ሰዎች አነጋገሩ። የሰሙትም ስጋት ነበር፤ የዘር ጥናት መጣ ከተባለ መገለሉ ይብስ ይሆን? ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2009 ራሱን ችሎ የሚነበብ ጥናት አድርገው አሳተሙት። ለዶክትሬት ተማሪ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ ራሱ በመረጃ የሚፈተን ሳይንስ ሆነ።

የእነ ፋሲል የዘረመል ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ የሰውነትን መከላከያ በሚመራው ኤችኤልኤ በተባለው ክፍል ተገኘ። ሰውነቱ ለአፈሩ የሚሰጠው ምላሽ ከሰው ሰው ይለያያል ማለት ነው። ታዲያ እናትየዋ ሁለቱን ነገር ሳይነጣጠሉ መስማት አለባት፤ ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ይመጣል፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ልጅ ግን ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። የመጀመሪያውን ብቻ ነግሯት የሚወጣ ተማሪ የሳይንሱን ግማሽ ነው የነገራት፤ ጉዳቱም ሙሉ ነው።

በፕሮፖዛል መከላከያ ላይ ፈታኞች የናሙናውን መጠን በስሌት እያፋጠጡ ይጠይቃሉ፤ ይገባልም። «ፈቃድ ይጠየቃል» የምትለው መስመር ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጥያቄ ታልፋለች። በየትኛው ቋንቋ? በማን አፍ? ጎረቤት እየሰማ ወይስ ለብቻ? አማካሪዎች እነዚህን ቢጠይቁ፣ መልሱም የመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ቢመዘን የተማሪው ጊዜ አይባክንም። ውጤቱን ወደ መንደሩ ይዞ የሚመለሰው ሰው፣ ወሩና የጉዞ ወጪውም ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ይግቡ፤ አለበለዚያ ገንዘቡ ዲኤንኤ ሲነበብ ያልቃል።