የዘፈናችሁ ኤኮ የየትኛው አዳራሽ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሄደ ሰው ጣርማበርን አይረሳትም። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ስትጓዙ ጉሙ ይቀበላችኋል፤ ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ። ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። በወዲያኛው አፍ ስትወጡ ቁልቁል ደብረ ሲና ናት።

መስኮት ከፍታችሁ ያለፋችሁ ከሆነ አንድ ነገር ሰምታችኋል። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ይወፍራል፣ ክላክስ ካበቃ በኋላም አየር ላይ ይቆያል። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ነው የሚጓዘው፤ ከዋሻው አንድ አፍ እስከ ሌላው ለመድረስ ብቻ ሁለት ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይፈጅበታል። መንገዱን ሁሉ ደግሞ ከግድግዳና ከጣሪያ ጋር እየተላተመ ነው።

ይህ ተላትሞ የሚቀረው የድምፅ ጭራ በስቱዲዮ ቋንቋ ሪቨርብ ይባላል። እኛ በልማድ «ኤኮ» እንለዋለን። ልዩነት ግን አለው። ኤኮ ገደል ማሚቶ ነው፤ ተጣርታችሁ ዝም ስትሉ ቃላችሁን መልሶ ያሰማችኋል። ሪቨርብ ግን ብዙ ትንንሽ ምላሾች ተደራርበው አንድ ጭራ ሲሆኑ ነው።

አሁን ወደ ስቱዲዮ እንምጣ። ግድግዳው ላይ ፍራሽ ወይም የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት አንድ ክፍል ስቱዲዮ በየከተማው አለ። እዚያ የተቀዳ ድምፅ ደረቅ ነው፤ ፍራሹ ጭራውን ውጦታል። ስለዚህ መዝሙርም ይሁን ነሺዳ ወይም ራፕ፣ ባለሙያው ፕሮግራሙን ከፍቶ «ካቴድራል» ወይም «ኮንሰርት ሆል» የሚለውን ይመርጣል። ያ ካቴድራል ግን አውሮፓ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በቀመር የተፈጠረ፣ የትም የሌለ አዳራሽ ነው። ዘማሪዋ ሰሜን ሸዋ ናት፣ ድምፅዋ የቆመው ሌላ አገር!

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን ነው። የእውነተኛ ቦታዎችን ድምፅ ይዘው ከሚሸጡት ዝነኛው አልቲቨርብ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ይጠይቃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አልፏል። 6,000 ብር ያልሞላ የነበረ የ100 ዶላር ፕሮግራም ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ካላችሁ። ለዚህ ነው ብዙዎች ክራክ ወደ ተደረገው የሚሄዱት፣ ቫይረሱንም አብረው የሚጭኑት።

ሊኑክስ ላይ ግን ሌላ መንገድ አለ። ኡቡንቱ ስቱዲዮ የሚባለው ስሪት አርዶርን፣ ኦዳሲቲንና ኤልኤስፒ የተባሉትን ፕለጊኖች ይዞ ይመጣል። ነፃ ነው። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ለዳታ ያስፈራል፤ ነገር ግን ከጓደኛችሁ በፍላሽ ብትቀዱት ሕጋዊ ነው። ሳትጭኑትም ከፍላሹ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

ነገሩ እንዴት ይሠራል? አንድ ክፍል ውስጥ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ብታጨበጭቡና የሚመጣውን ጭራ ብትቀዱ፣ የዚያን ክፍል አሻራ ያዛችሁ ማለት ነው። ስሙ ኢምፐልስ ሪስፖንስ ይባላል። ኮምፒውተሩ ድምፅን በሰከንድ 48,000 ቁጥር አድርጎ ያስቀምጣል። እያንዳንዷን የድምፃችሁን ቁጥር እንደ አንድ ትንሽ ጭብጨባ ይወስድና «ክፍሉ ለዚህች ምን ይመልስ ነበር?» ብሎ ሙሉውን ጭራ በእሷ ልክ ያባዛል። ከዚያ ሁሉንም ይደምራል። ኮንቮሉሽን ማለት በቃ ይኸው ነው።

ጭራው 3 ሰከንድ ከሆነ 144,000 ቁጥር አለው፤ ይህ በየሰከንዱ ወደ 7 ቢሊዮን ማባዛት ይመጣል። «ላፕቶፔ ሊቃጠል ነው» እንዳትሉ። ፉሪየር ትራንስፎርም የሚባለው የሒሳብ ዘዴ ሥራውን እጅግ ያቀለዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊሊያም ጋርድነር ጭራውን እየቆራረጡ በማስላት ድምፁ ሳይዘገይ የሚወጣበትን መንገድ አሳተመ። ዛሬ የቆየ ላፕቶፕም ይችለዋል።

ወደ ቀረጻው እንግባ። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ በእግር ገብታችሁ እንዳትሞክሩት፤ ከባድ መኪና የሚተላለፍበት፣ ጉም የሚሞላው መንገድ ነው። የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ባዶ የውኃ ታንከር ወይም የፎቅ ደረጃ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ሂዱ። ውጭ አገር ብዙዎች ፊኛ ያፈነዳሉ። ፊኛ ሲፈነዳ ግን ተኩስ ይመስላል፤ በሰሜን ሸዋ ደግሞ ተኩስ ለሰው ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ፊኛውን እርሱት። ሁለት ጣውላ በማጠፊያ አያይዛችሁ ማጋጨት ይሻላል። አካባቢው ያለው ሰውም ይወቅ።

ስልካችሁን ከጣውላው አራት አምስት ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡ። ድምፅ የሚያጣራውንና ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን አውቶማቲክ አጥፉ፣ በዌቭ ፎርማት ቅዱ። ካጋጫችሁ በኋላ ጭራው ፈጽሞ እስኪጠፋ አትተንፍሱ። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት፣ ንጹሑን ትመርጣላችሁ። የስልክ ማይክ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አይዝም፤ ለመጀመሪያ ግን በቂ ነው።

ከዚያ ኦዳሲቲ ላይ ከምቱ በፊት ያለውን ዝምታ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የጭራውን መጨረሻ ቀስ እያለ እንዲጠፋ አድርጉ፣ በ48,000 አስቀምጡት። ኮሽታ ካለበት ተዉት፤ ያ ኮሽታ ዘፈኑ ላይ ሁሉ ይበተናል። አርዶር ላይ አንድ ባስ ክፈቱና ኤልኤስፒ ኢምፐልስ ሪቨርብን ጨምሩበት። ፋይላችሁን ጫኑ፣ «ድራይ» የሚለውን ዝጉ፣ «ዌት»ን ክፈቱ። ከድምፁ ትራክ ወደ ባሱ ትንሽ ትንሽ ላኩ። ጥሩ ሪቨርብ ስታጠፉት እንጂ ስታበሩት ብዙም አይታወቅም።

ይህ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ሐጊያ ሶፊያ ውስጥ ፊኛ አፈንድተው የቀዱትን አሻራ ካፔላ ሮማና የተባለው መዘምራን ቡድን በ2019 ላወጣው አልበም ተጠቅሞበታል። ጭራው ከ10 ሰከንድ በላይ ነው። የፓሪሱ ኖትር ዳም በሚያዝያ 2019 ሲቃጠልም ድምፁ በ2013 ተለክቶ ስለነበር፣ ከእድሳቱ በፊት የነበረው ድምፅ ተመዝግቦ ተገኝቷል።

እኛ አገር እሳት ባይመጣ እንኳ እድሳት አለ። የጭቃና የእንጨቱ አሮጌ ሕንፃ ፈርሶ ሰፊ የብሎኬት ሕንፃ ሲሠራ ሰው ይደሰታል፣ ልክም ነው። ፎቶም ይነሳል። ድምፁን ግን የሚቀዳ የለም፤ አያቶቻችን ሲዘምሩበት የነበረው ጭራ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይሄዳል። ለመቅዳት የሚያስፈልገው ሁለት ጣውላ፣ አንድ ስልክና ፈቃድ ብቻ ነው። ፋይሉን ስታስቀምጡ ታዲያ «ኤኮ 1» ብላችሁ አትሰይሙት። የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ምንጣፍ ይኑር አይኑር ጻፉበት። ከዓመታት በኋላ ለሚከፍተው ሰው ይህ ሁሉ ያስፈልገዋል።