ጧሪና ቀባሪ

ጋሼ ሁለት ዕድሜ አላቸው። አንዱን እናታቸው ነግረዋቸዋል፤ ሌላውን በ1973 ዓ.ም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀጠሩ በሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ራሳቸው አስፍረውታል። በሁለቱ መካከል የሁለት ዓመት ልዩነት አለ። «አሥራ ስምንት ያልሞላው አይቀጠርም አሉኝ፤ እኔም እዚያው ቅጹ ላይ ሞላሁት» ይላሉ አየር ጤና ካለችው ቡና ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው። በ2015 ዓ.ም መዝገቡ «ስልሳ ሞላዎት» አላቸውና ሸኛቸው። እሳቸው ግን በእናታቸው ቆጠራ ገና ሃምሳ ስምንት ነበሩ።

እንደ ጋሼ ያለ ሰው በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ብርቅ አይደለም። ሕጉ የሚያውቀው ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ዕድሜ ነው፤ ጡረታ ሲቃረብ እየተፈለገ የሚመጣ የልደት ማስረጃ አይሽረውም። ለመቀጠር ሲሉ ዕድሜ የጨመሩ እንዳሉ ሁሉ፣ አርቀው አስበው የቀነሱም አሉ። የጡረታ ውሳኔ በስልሳ ዓመት የሚወሰን ይመስላል እንጂ፣ ብዙው ሰው ምን እንደሚወስን ሳያውቅ በጎረምሳነቱ እስክሪብቶ ይዞ ጨርሶታል።

ለመሆኑ ይህ ጡረታ የሚባለው ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ቃሉ ራሱ ብዙ ይነግረናል። «ጦረ» ማለት አቅም ያጣን ወላጅ አበላ፣ አለበሰ፣ ተሸከመ ማለት ነው። ልጅ የሌለው ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ብሎ ያዝናል። ሁለቱ ሥራዎች ከጥንት ጀምሮ አብረው የሚጠሩት አንድ ልጅ ሁለቱንም ይሠራል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ጡረታ ከሁለቱ የመጀመሪያውን ከልጅ ትከሻ ወስዶ ለመንግሥት ካዝና የሰጠ ተቋም ነው። ሁለተኛው ለእድር ቀረ። ኮልፌ ውስጥ ስለ ጡረታ ሲወራ እድር የማይነሳበት ጊዜ የለም፤ እኔም ወደኋላ እመለስበታለሁ።

በቀድሞው ዘመን ያገለገለ ወታደር የሚጦረው በመሬት ነበር። በደመወዝ ላይ የተመሠረተው የዛሬው ሥርዓት በሁለት እግሩ የቆመው በ1955 ዓ.ም በወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። (ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1954 ዓ.ም፣ ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና እየወሰደ ነበር። ያሠለጠኑት ሰዎች ስለ ጡረታቸው ያሰቡ አይመስለኝም።) የጡረታን ሐሳብ መጀመሪያ በሕግ የደነገገው የጀርመኑ ቢስማርክ ነው ይባላል። የእሱ ሕግ የወጣው በ1889 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን የጡረታ መውጫው ዕድሜ 70 ነበር። በዚያ ዘመን እዚያ የሚደርሰው ጥቂት ሰው ስለሆነ ቸርነቱ ብዙ ወጪ አልነበረውም።

የእኛው 60 ነው። አንዳንዱ የአገሪቱን አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ይሰማና «ጡረታ ወጥቶ የሚኖርስ ማን ነው?» ይላል። ስሌቱ የተሳሳተ ነው። አማካዩን ዝቅ የሚያደርገው በሕፃንነቱ የሚሞተው ነው፤ ስልሳን የተሻገረ ሰው በአማካይ ገና ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ይጠብቀዋል። ያ ሁሉ ዓመት መበላት፣ መጠጣት፣ መታከም አለበት።

መዋጮው እንዲህ ነው። ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ለውትድርናና ለፖሊስ አገልግሎት የመንግሥት ድርሻ 25 በመቶ ነው። አበሉን ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። አሥሩን የሞላ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ፖሊስና ወታደር በዓመት 1.65 በመቶ ይጨመርላቸዋል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሁለቱም 30 ዓመት ያገለገሉ፣ አማካይ ደመወዛቸውም አንድ የሆነ አንድ መምህርና አንድ ፖሊስ ቢኖሩ፣ መምህሩ 55 በመቶ፣ ፖሊሱ 63 በመቶ ይዘው ይወጣሉ።

ይህ ለሠራተኛው ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ? ብዙ ጡረተኛ «ገንዘቤን በሉኝ» ሲል እሰማለሁና ሒሳቡን በጣት እንቁጠረው። የአንድ ሰው ደመወዝ ሠላሳ ዓመት ሳይለወጥ ቆየ እንበል። ሠራተኛውና አሠሪው በየወሩ ያዋጡት 18 በመቶ በ360 ወር ውስጥ የ65 ወር ደመወዝ ያህል ይሆናል። በየወሩ 55 በመቶ ሲከፈለው ያ ሁሉ መዋጮ አሥር ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ከራሱ ኪስ የወጣውን 7 በመቶ ብቻ ከቆጠርን ደግሞ አራት ዓመት ሳይሞላ አስመልሷል። ደመወዙ እያደገ የመጣ ከሆነ፣ የጥንቱ መዋጮ ከትንሽ ደመወዝ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ከዚያም ይፈጥናል። በብር ከተቆጠረ ጡረታ ለሠራተኛው አይከፋም። ጉዱ ያለው «በብር» የሚለው ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አሥሯ ዓመት አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው አሥር ዓመት በዓመት 3 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በዓመት 1.25 በመቶ ዋጋ አለው። ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር አገልግሎ ስልሳ የሞላው ሰው የዕድሜ ልክ አበል የለውም፤ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 715 ወደዚህ ሥርዓት የገቡት በ2003 ዓ.ም ነው። በዚያን ጊዜ ሃምሳ ሦስት ወይም ሃምሳ አራት ዓመት ሆኗቸው የነበሩት ዘበኞች፣ ልብስ ሰፊዎችና ሾፌሮች ዕድሜያቸው ከአሥሯ ዓመት ቀድሞ ደረሰ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሠራሁበት ድርጅት በየወሩ ከደመወዛችን ይቆርጥ ነበር፤ ገንዘቡ ገቢ መደረጉን የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ከሥራ ስለቅ ነው ያልገቡ ወራት እንዳሉ ያወቅሁት። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንክ፣ ወንድሜ፣ ወረቀትህን ሰብስብ። ስልሳ ሲሞላ ከመጠየቅ ዛሬ መጠየቅ ይቀላል።

በ2003 ዓ.ም ሌላም ምርጫ ነበር። ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ወይ በፈንዱ እንዲቀጥሉ ወይ ወደ ጡረታው እንዲገቡ ተጠየቁ። ፈንድ ማለት ስትወጣ ያጠራቀምከውን በአንድ ጊዜ ይዘህ መሄድ ነው፤ ጡረታ ማለት እስክትሞት በየወሩ መቀበል ነው። አንደኛው ቶሎ የሚሞተውን፣ ሌላኛው ዕድሜ የሚያገኘውን ይጠቅማል። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ኮልፌ ላይ ግን ይህን ምርጫ የሚዳኘው ሌላ ነገር ነው፤ ቤት። በአንድ ጊዜ እጅ የሚገባ ገንዘብ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ይሠራል። ወደ አለም ባንክ ወይም ወደ ወይራ ሰፈር ብትዘልቅ ከዋናው ቤት ጀርባ በብሎኬት የተሰለፉት ክፍሎች የስንት ሰው ፈንድና ዳረጎት እንደሆኑ ትገረማለህ።

ለምን ቤት? ኪራይ ከገበያው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነው። የጡረታ አበል አይሄድም። ሰውየው ከወጣበት ዕለት ጀምሮ አበሉ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ መንግሥት ማስተካከያ ሲወስን ብቻ ከፍ ይላል። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ፍጥነት አንድ ዓመት ብቻ ከሄደ፣ የመቶ ብር አበል እፎይታ ገበያ ላይ የሚገዛው ቀድሞ በሰባ ሰባት ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሚሠራ ሰው ይሟገታል፣ ይቀይራል፣ ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ጡረተኛ ምን ያደርጋል? ጋሼን ብትጠይቋቸው «አንድ ስኳር ይቀንሳል» ይሏችኋል።

የጡረታው ፈንድ ራሱም ከዚህ በሽታ አላመለጠም። ኢትዮጵያ ወጣት አገር ናት፤ የሚያዋጣው ከሚጦረው ይበዛል፣ ስለዚህ ገንዘብ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ግን ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ እየተገዛበት ነበር የተቀመጠው። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ እጅግ በታች ነበር። ግምጃ ቤቱ በርካሽ ተበደረ፣ አዛውንቱ በኪሳራ አበደሩ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም ሰነዱ በጨረታ ዋጋ መሸጥ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም የወጡት አዋጆች ቁጥር 1267 እና 1268 ደግሞ ፈንዱ ወደ ሌሎች አትራፊ ሥራዎች እንዲገባ በሩን ከፈቱለት። ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ወደ ጋሼ ሁለት ዓመት እንመለስ። እሳቸው ከ1973 እስከ 2015 ዓ.ም 42 ዓመት ሠርተዋል። 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ 32 ጊዜ 1.25፤ ልክ 70 በመቶ። ጣሪያውን ነክተዋል። ሁለት ዓመት ቢጨምሩም መቶኛው አንዲት ነጥብ ከፍ አይልም ነበር። ቅጹ ላይ የጨመሩት ዕድሜ እንግዲህ አልጎዳቸውም? ጎድቷቸዋል፤ በአማካዩ በኩል። በ2017 ዓ.ም የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲስተካከል ዝቅተኛው ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ነውና፣ ከጭማሪው በኋላ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ሙሉውን አዲሱን ደመወዝ ይዞ ይወጣል። አንድ ዓመት ብቻ የሠራው አንድ ሦስተኛውን ያህል ይቀምሳል። ከጭማሪው በፊት የወጣው ምንም። ከዝቅተኛው ደመወዝ ጀምረን እንቁጠር ብንል፣ በአሮጌው 1,100 ብር ላይ 70 በመቶ 770 ብር ነው፤ በ4,760 ብር ላይ 3,332 ብር። ሁለቱ ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ሥራ ሠርተው፣ የልደት ዓመታቸው ብቻ ይለያቸዋል። 25 ዓመት አገልግሎ በሃምሳ አምስቱ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ካለ ይህን ስሌት ሳይሠራ ማመልከቻ እንዳይጽፍ።

«ስንት ደረሰዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ጎረቤት ይህን አይጠይቅም።

እፎይታ ገበያ ላይ ቆሞ ማን ጡረታ እንዳለው ብትጠይቅ የሚነሳው እጅ ጥቂት ነው። የሽንኩርቷ ባለቤት፣ ጫማ የሚያድሰው፣ ኩንታል የሚሸከመው ሁሉ ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው። ሕጉ በፈቃዳቸው እንዲገቡ ቢልም በየወሩ ማን ይቆርጥላቸዋል? የእነሱ ጡረታ ልጅ ነው፣ እቁብ ነው፣ ቤት ያለው ቤቱ ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር አዛውንት የሚከፍለው ትንሽ ኪራይ ራሱ ማንም ያልመዘገበው ጡረታ ነው፤ አካባቢው ፈርሶ ሲነሣ ያን ጊዜ ብቻ ዋጋው ይታወቃል። ሰርቪስ ያለውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጭማሪውን ተቆጣጣሪ አካል እንዲወስነው ስላደረገ፣ ተከራይ እፎይ ሲል ባለ ሁለት ክፍሏ አሮጊት ደግሞ አጎንብሳ ትቆጥራለች። ለማን ማዘን እንዳለብኝ አንዳንዴ ይጠፋኛል።

የጡረታው ትልቁ በጎ ነገር፣ በእኔ ዓይን፣ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ያለው ነው። ሚስት ወይም ባል የሟቹን አበል 50 በመቶ ያገኛሉ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ፣ ሲጦራቸው የነበሩ ወላጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው 15 በመቶ። ኮልፌ ውስጥ በወር መጨረሻ ባንክ ፊት ለፊት ነጠላቸውን አጣፍተው የሚሰለፉት እናቶች ብዙዎቹ የሚቀበሉት በዚህ መንገድ ነው። ፕሮቪደንት ፈንድ ይህን አያደርግም፤ ካለቀ አለቀ።

ጋሼ አበላቸው እንደገባ መጀመሪያ የሚከፍሉት የእድራቸውን መዋጮ ነው። ከመብራቱም ከውኃውም ይቀድማል። እድር ከአበሉ በተለየ በብር ብቻ አይከፍልም፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ እንጀራ፣ የሚቆም ሰው ይሰጣል። ገበያው በናረ ቁጥር ድንኳኑ አይጠብም። ወጣቱም ሽማግሌውም አንድ ዓይነት መዋጮ መክፈላቸው በመድን ሰዎች ዓይን ሞኝነት ነው፤ ለሞት የቀረበው ብዙ መክፈል ነበረበት። እኔም ይህንኑ አንድ ቀን ለጋሼ አነሳሁላቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ ሲኒውን ወደ ረከቦቱ እየመለሱ፣ «እድር ስገባ ዕድሜዬን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ደግሞ ስንት ልላቸው ነበር?»