ሞተር ሲቆም መሬት ይመረጣል

የትንሽ አውሮፕላን ሞተር አየር ላይ ቢቆም አውሮፕላኗ እንደ ድንጋይ አትወድቅም፤ ፍጥነቷን እስከጠበቀች ድረስ ክንፏ ይሸከማታል። በማሠልጠኛነት የታወቀችው ባለ አንድ ሞተሯ ሴስና 172 ሞተሯ ጠፍቶ በተገቢው ፍጥነት ከተያዘች፣ 1 ሜትር በወረደች ቁጥር 9 ሜትር ያህል ወደፊት ትሄዳለች። ስለዚህ ከመሬት 1,000 ሜትር ላይ ያለ አብራሪ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና አራት ደቂቃ ያህል ጊዜ አለው። የተሳፋሪዎቹን ዕጣ የሚወስኑት እንግዲህ በእጁ ያለው ከፍታና ከሥሩ ያለው መሬት ናቸው።

በሆሳዕናና በዱራሜ ደጋ ሁለቱም ይጠባሉ። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦቻርጀር የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም አውሮፕላኗ መሬት የምትነካው ከባሕር ጠለል ይልቅ ከ10 በመቶ በላይ ፈጥና ነው፤ የግጭቱ ጉልበትም በሩብ ገደማ ይጨምራል። ከሥር ደግሞ በየጓሮው እንሰት፣ በየድንበሩ ባሕር ዛፍ፣ በምዕራብ የኦሞ ሸለቆ፣ በከምባታ የአምበሪቾ ተራራ አለ። ከአጨዳ በኋላ ባዶ የቀረ የስንዴ ማሳ ከሁሉ ይሻላል። ከላይ ሜዳ የሚመስሉት የገበያ ቦታና የትምህርት ቤት ግቢ ግን ሰው የሚሰበሰብባቸው ናቸውና አይመረጡም።

ሁለት ሞተር ቢኖር አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ለቆላ በረራ ክርክሩ ያስኬዳል። ይሁን እንጂ ባለ ሁለት ሞተሯ ፓይፐር ሴሚኖል አንዱ ሲቆምባት በወጉ ሽቅብ መውጣት የምትችለው እስከ 1,160 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ ከሆሳዕና መሬት በ1,000 ሜትር ያህል ያንሳል። ሁለቱም ሞተሮች አብረው ሊጠፉም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1988 ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ርግቦች ወደ ሞተሮቹ ገብተውበት በሆዱ አረፈ፤ ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። ሌላው ተቃውሞ መጀመሪያ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ይገባል የሚለው ነው። ሙከራው ተገቢ ነው፤ የነዳጅ ማከፋፈያውን መለወጥና የካርቡሬተር ማሞቂያውን መክፈት የሰከንዶች ሥራ ነው። ነገር ግን ፍጥነትን ከመያዝ በኋላ ይመጣል፤ ፍጥነት ከጠፋ ክንፉ መሸከሙን ያቆማል፣ መሬት የመምረጥ ዕድልም አብሮ ያበቃል።

በሀዲያና በከምባታ ሰማይ የምትበሩ ሁሉ ነዳጃችሁን ከመነሣታችሁ በፊት በእጃችሁ አረጋግጡ፣ ትርፍ ከፍታ ያዙ፣ ሞተሩ ደህና እየሠራ ሳለ የምታርፉበትን ማሳ ምረጡ።