የመልእክት ማኅተም



ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሩም ንጉሥ ሊጽፉ ሲያስቡ፣ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። የብር ቀለበት አሠርተው አስቀረጹበት፤ ሌላ ሰው በዚያ ቅርጽ እንዳያስቀርጽም ከለከሉ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ልጃችን ከጅዳ ገንዘብ ስትልክ ባንኮቹ የሚጻጻፉት መልእክትም ማኅተም አለው፤ በምስጢር ቁልፍ የተሰላ ቁጥር ነው። መንገድ ላይ ስሙ ቢለወጥ ቁጥሩ አይገጥምም። ተመራማሪዎቹ ዌግማንና ካርተር እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳዩት፣ ለየመልእክቱ አዲስ ምስጢር ከተጨመረ የትኛውም ኮምፒውተር ማኅተሙን አስመስሎ የመሥራት ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው።

አዲሱ ምስጢር ከየት ይምጣ? ቤኔትና ብራሳርድ እ.ኤ.አ. በ1984 መላ አመጡ፦ በነጠላ የብርሃን ቅንጣቶች መላክ። ቅንጣቷን መሐል ላይ ይዞ የሚለካ ሰው ያዛባታልና ይታወቅበታል። ይህ ዘዴ የኳንተም ቁልፍ ሥርጭት ይባላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን አለ። ብርሃኑ ሰላዩን ያጋልጣል እንጂ ከወዲያ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ አይነግረንም፤ ሌባው ራሱን ባንክ አስመስሎ ቢቆምስ? የሐዲስ ተማሪ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ሰነድ የምንጠይቀው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው፣ በአካል ወይም በታማኝ ሰው እጅ፣ አጭር የመጀመሪያ ቁልፍ መለዋወጥ አለባቸው። የመጀመሪያው ማኅተም የሚመታው በዚያ ነው፤ ለቀጣዮቹ ብርሃኑ ያቀብላል።