ያልተሞላ ቦታ «የለም» ማለት አይደለም

መዝገብ ማደራጀትና ከመዝገብ ውስጥ መፈለግ እንጀራው የሆነ ሰው ጂኦካሺንግን፣ ማለትም በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ዕቃ የመፈለግን ጨዋታ፣ ከሌላው ተጫዋች ለየት ባለ ዓይን ያየዋል። ሌላው የሚያስበው ዛፍ ሥር ስለተደበቀው ሣጥን ነው፤ የእኛ ሙያ ሰው ግን ሣጥኑ ሲደበቅ ስለተሞላው ቅጽ ያስባል። የጨዋታው አጀማመር በደንብ ይታወቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ አቆመ። እስከዚያ ድረስ እስከ 100 ሜትር ሊስት የሚችለው መሣሪያ በአንድ ሌሊት ከአንድ ዛፍ ሥር የሚያደርስ ሆነ። ወዲያው፣ ሜይ 3 ቀን፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ከፖርትላንድ ከተማ ወጣ ብሎ አንድ ባልዲ ደበቀና ያለበትን ነጥብ በኢንተርኔት አሳወቀ። ያን ጊዜ መፈለጊያ የሚባል ነገር አላስፈለገም፤ የነበረው ያ አንድ ባልዲ ብቻ ነበርና። ዛሬ ከ190 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ከ3 ሚሊዮን በላይ ድብቆች ተመዝግበዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ጫማውን ሳያጠልቅ በፊት ከመዝገቡ ጋር መታገል አለበት፤ ብዙው ሰው የሚሸነፈውም እዚሁ ላይ ነው።

መፈለጊያው መስፈርት አያጣም። የድብቁ ዓይነት አለ፣ የዕቃው መጠን አለ፣ ርቀት አለ፣ በርዕሱ ውስጥ ያለ ቃል አለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘበት ቀን አለ። የአፈላለጉ ክብደትና የመሬቱ አስቸጋሪነት እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 በግማሽ በግማሽ ይሰፈራሉ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ 81 ዓይነት ይሆናሉ። በዚህ ላይ ደባቂው የሚለጥፋቸው መለያ ምልክቶች አሉ፦ ለልጆች ይሆናል፣ ውሻ ይፈቀዳል፣ መኪና ማቆሚያ አለ፣ በክረምት ይደረስበታል፣ ወዘተ። ጀማሪው ይህን ሁሉ ሲያይ ደስ ይለውና የሚመኘውን እየቆጠረ ምልክት ያደርጋል፤ ለልጆች የሚሆን፣ ማቆሚያ ያለው፣ ከ2 ኪሎ ሜትር ያልራቀ፣ በቅርቡ የተገኘ። ሁለት ውጤት ያገኛል፤ አለዚያም ባዶ ገጽ። ከዚያ «በሰፈሬ ምንም የለም» ብሎ ይተወዋል። እኔ የምለው እያንዳንዱ መስፈርት የሚጠይቀው ቅጹን እንጂ መሬቱን አለመሆኑን ነው። ቅጹን ደግሞ የሞሉት የተለያዩ እጆች ናቸው፤ አንዱ ተገዶ፣ አንዱ ገምቶ፣ አንዱ ደስ ሲለው። በብዙ መስፈርት የሚፈልግ ሰው መስፈርቶቹን በፍላጎቱ ቅደም ተከተል ሳይሆን ከኋላቸው ማን እንደቆመ አይቶ ይደርድራቸው።

አስገዳጅ ከሆኑት ስንነሣ፣ ዓይነቱና የተመዘገበበት ቀን፣ እንዲሁም ሥራ ላይ መሆን አለመሆኑ ሳይሞሉ አይታለፉም፤ እነዚህ ይታመናሉ። ርቀትም እዚሁ የሚመደብ ይመስላል፤ መሣሪያ የለካው ቁጥር ነዋ። ነገር ግን እንቆቅልሽ በሚባለው ዓይነት ካርታው ላይ የሚታየው ነጥብ ዕቃው ያለበት አይደለም። ደንቡ የሚጠይቀው እውነተኛው ቦታ ከሚታየው ነጥብ ከ3.2 ኪሎ ሜትር እንዳይርቅ ብቻ ነው። ባለብዙ ምዕራፉ ዓይነትም ቢሆን የሚያሳየው መነሻውን ነው። እንግዲህ «ከቤቴ በ500 ሜትር ውስጥ» ብሎ የሚፈልግ ሰው እዚያ የሌሉትን ይሰበስባል፤ አጥሩ ሥር ያለውን ደግሞ ሊስት ይችላል። ቁጥር ስለሆነ ብቻ ርቀትን ከሌሎቹ ይበልጥ ማመን ስሕተት ነው።

ዋናው ችግር ግን ያለው በምልክቶቹ ላይ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነው። ለእሱ የሚሆን ድብቅ በመዝገቡ ውስጥ በሁለት ቦታ ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው የመሬት አስቸጋሪነት 1 ነው፤ በደንቡ 1 ማለት ወንበሩ ይደርስበታል ማለት ነውና። ሁለተኛው የወንበሩ ሥዕል ያለበት መለያ ምልክት ነው። ጠንቃቃ ፈላጊ ሁለቱንም ያዛል፤ እጥፍ ማረጋገጫ መስሎት። መፈለጊያው ግን ሁለት መስፈርት ሲሰጠው ሁለቱንም የሚያሟላውን ብቻ ያወጣል። 1 ተሰጥቶት ምልክት ያልተለጠፈበት ይወድቃል፤ ምልክት ኖሮት ደባቂው ለጥንቃቄ ብሎ 1.5 የሰጠው ይወድቃል። በአንጻሩ አንዳንድ ደባቂ 1ን የሚሰጠው «መንገዱ ሜዳ ነው» በሚል ስሜት ብቻ ነው፤ ሦስት ደረጃ መኖሩን ልብም አይለው። ትክክለኛው አካሄድ ሁለት ጊዜ ፈልጎ ዝርዝሮቹን ማዋሐድ፣ ከዚያ የጎብኚዎቹን ማስታወሻ ማንበብ ነው። ጂሳክ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በብዙ ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደው በከፊል ለዚህ ነው። ለጨዋታው ድረ ገጽ ከፋይ አባላት በአንድ ጥያቄ እስከ 1,000 ድብቅ ድረስ ማውረድ ይፈቀዳል፤ ፕሮግራሙ የወረዱትን ዝርዝሮች አንድ ላይ አከማችቶ እንደገና በፈለጉት መንገድ ያጣራል።

እዚህ ላይ የቅጹን አዘጋጆች ማመስገን ይገባል። ብዙዎቹ ምልክቶች ሦስት መልስ አላቸው፦ ይሆናል፣ አይሆንም፣ እና ዝም። ውሻ መፈቀዱን የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ መከልከሉን የሚያሳይ በሰያፍ መስመር የተሰረዘ ሥዕል አለ፤ ምንም ያልተለጠፈበትም አለ። የፈላጊው ጥፋት ሦስቱን ወደ ሁለት መደምሰሱ ነው። «ይሆናል» የሚለውን ብቻ ሲጠይቅ፣ ዝም ያለውን ሁሉ ከ«አይሆንም» ጋር ቆጥሮ ያባርረዋል። መሣሪያው ከፈቀደለት ጥያቄውን ይገልብጠው፤ «ውሻ የሚፈቀድባቸውን አምጣ» ከማለት «የሚከለከልባቸውን አውጣልኝ» ይበል። ዝም ያሉት በዝርዝሩ ውስጥ ይቆያሉ፤ እነሱን በንባብ መለየት የሰው ሥራ ነው። በመዝገብ ሥራ ውስጥ ከዚህች ግልበጣ የበለጠ ጠቃሚ ዘዴ ብዙ አላውቅም፤ የሠራተኛ ማኅደር ላይም ሆነ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ እኩል ትሠራለች።

ለየብቻቸው ምንም ነውር የሌለባቸው መስፈርቶች ሲጋቡ ባዶ የሚወልዱበትም ጊዜ አለ። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ቁጥር ቀላል አይደለምና ምሳሌውን ከዚያ ልውሰድ። የከተማዋ ዋና ዋና ሐውልቶች የቆሙበት ናሽናል ሞል በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ነው፤ እዚያ ያለ ፈቃድ ዕቃ መደበቅ አይቻልም። ስለዚህ ቦታው ቨርቹዋል ለሚባለው ዓይነት የተመቸ ነው፤ ሣጥን የለውም፣ ሐውልቱን አይቶ የተጠየቀውን መመለስ ነው። ነገር ግን አዲስ ቨርቹዋል መመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ቆሞ፣ በ2017 ለተመረጡ ሰዎች ብቻ ነው በጥቂቱ የተከፈተው። እንግዲህ «መደበኛ ሣጥን» የሚለውን የመረጠ ወላጅ አካባቢው ባዶ ይመስለዋል፤ «በቅርብ ዓመታት የተመዘገቡ» የሚለውን የጨመረውም ከአሮጌዎቹ ቨርቹዋሎች ጋር ይተላለፋል። የተወዳጅነት ነጥብ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ነጥቡን የሚሰጡት ከፋይ አባላት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ለሚያገኟቸው 10 ድብቆች አንድ ያገኛሉ። ሺህ ሰው የሚያልፍበት የከተማ አደባባይ በዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጣል፤ አሥራ ሁለት ሰው ደርሶበት ዘጠኙ የወደደው የተራራ ድብቅ ግን ታች ይቀራል። መጠየቅ ያለበት የነጥቡ ብዛት ሳይሆን ከጎብኚው ጋር ያለው ምጣኔ ነው።

ቁልፍ ቃል ጥቅም ላይ የሚውለው ቅጹ ቦታ ላልሰጠው ነገር ነው። በብሪታንያ «ቸርች ማይክሮ» የሚባል በሺዎች የሚቆጠር የድብቆች ሰንሰለት አለ፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የተቀመጡ ናቸው። ቅጹ «ቤተ ክርስቲያን» የሚል መምረጫ ስለሌለው ደባቂዎቹ ራሳቸው በርዕሱ መጀመሪያ ላይ አንድ ስያሜና ተራ ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። ለባቡር ጣቢያዎችም «ሳይድትራክድ» የሚል ተመሳሳይ ሰንሰለት አለ። እዚህ የሰንሰለቱን ስያሜ ጽፎ መፈለግ ከየትኛውም መምረጫ የተሻለ ያስገኛል፤ ተጫዋቾቹ ተስማምተው የጎደለውን መስክ ፈጥረዋልና። ለቦታ ስም ግን ቃልን አልመክርም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ቢሾፍቱ ይበል ወይስ ደብረ ዘይት? አዳማ ወይስ ናዝሬት? በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ብቻውን ሦስት አራት መልክ ያወጣል። በካርታ ነጥብ መነሣት ይሻላል፤ ቦታው ከነኬክሮሱና ኬንትሮሱ የትም አልሄደም።

«በሚሊዮን ከሚቆጠር ድብቅ መሀል ሳያጣሩ መፈለግ እብደት ነው» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። አታጣሩ አላልኩም። መጀመሪያ በአስገዳጅ መስኮች ይጠበብ፤ የቀረው ሃምሳ ስድሳ ሲሆን ንባብ ይጀመር፤ በደባቂው ፈቃድ የሚለጠፉት ምልክቶች እንዲያስወጡ ሳይሆን ቅድሚያ እንዲያሰጡ ይደረግ። ሌላው የሚሰነዘር ክርክር ጊዜውን የተከተለ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማብራሪያውን ሁሉ አንብቦ ይመርጥልናል ይላል። በከፊል እቀበላለሁ። «ለሕፃን ጋሪ ይመቻል» ብሎ አንድ ጎብኚ የጣለውን መስመር ከሁለት መቶ ማስታወሻ ውስጥ ማውጣት ለማሽን ቀላል ነው፤ ሰው ግን ይሰለቻል። ማንም ያልጻፈውን ግን ማሽኑም አያነብም፤ ዝምታን «አይሆንም» ብሎ ከተረጎመም የድሮውን ስሕተት በፍጥነት ከመድገም በቀር አዲስ ነገር አላመጣም። ጨዋታ ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ያደርጋል ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ወንበሩን እየገፋ ሄዶ ደረጃ ለጠበቀው ሰው ነገሩ ጨዋታ አይደለም።

ቀሪው የደባቂዎች ድርሻ ነው። ድብቅ ያላችሁ፣ በተለይ ከዓመታት በፊት አስመዝግባችሁ ወደ ገጹ ያልተመለሳችሁ፣ ገጻችሁን ክፈቱና ምልክቶቹን አንድ በአንድ እዩ። የሚሆነውን ለጥፉ፤ የማይሆነውንም በተሰረዘው ሥዕል አሳውቁ። ከመሬት አስቸጋሪነት ቁጥሩ ጀምሩ።